የነገው ጥያቄ ለማን ይቀርባል? ከማኤሞ እስከ ሴይልፊሽ፦ የአንድ የሞባይል ስርዓተ ክወናና የማኅበረሰቡ ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ስልክ ሊናገር መነሣቱ ያስገረማችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አነብባለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቼም ከኋላ ተቀምጠው ስሕተቴን ለመቁጠር ወረቀት አዘጋጅተዋል፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን የመጣሁት የራሴን ሙያ ይዤ ነው። ዘመኔን ያሳለፍሁት ባለቤትነትን በማጥናት ነው፤ ማን ምን ያዘ፣ የያዘውን ማን አጸናለት፣ ማንስ ነጠቀው። የዛሬው ርእሴም ከዚህ አይወጣም።

በእጄ የያዝሁት ይህ ወፍራም ስልክ ኖኪያ ኤን 900 ይባላል። እንዲህ ሲገፋ ከሥሩ የፊደል ገበታ ይወጣል። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ አገር ሲመለስ በስጦታ የሰጠኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አብርቼዋለሁ፤ ይሠራል። ያመረተው ኩባንያ የስልክ ሥራውን በ2014 ለማይክሮሶፍት አስረክቧል። ስርዓተ ክወናውን የጻፈው የኩባንያው ክፍል ከዚያም አስቀድሞ ተበትኗል። ታዲያ ይህ ዕቃ እስካሁን በምን ቆመ? የቆመበትስ ነገር እስከ የት ያደርሰዋል?

ስለዚህ ስልክና ስለ ወንድሞቹ በብዛት የሚነገረው ታሪክ አጭርና ምቹ ነው። ኖኪያ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ጥሩ ስርዓተ ክወና ነበረው፤ ከማይክሮሶፍት የመጡት ሥራ አስፈጻሚ ስቲቨን ኢሎፕ በፌብሩዋሪ 2011 በአንድ ቀን ውሳኔ ገደሉት፤ ማኅበረሰቡም ያለ ወላጅ ቀረ ይባላል። እኔ ይህን ትረካ እንዳለ አልቀበለውም። ውሳኔው ተደርጓል፤ ከባድም ነበር። ነገር ግን ማኅበረሰቡ «የዚህ ስርዓት ዕጣ ፈንታ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ቀን ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ያጣበትን ምክንያት ካልመረመርን፣ ከ2011 በኋላ የሆነው ሁሉ የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ ይመስለናል።

ነገሩ የሚጀምረው በ2005 ነው። ኖኪያ በዚያ ዓመት 770 የተባለ የኢንተርኔት ታብሌት አወጣ። በዓለም ትልቁ የስልክ አምራች ያወጣው ይህ ዕቃ ስልክ መደወል አይችልም ነበር። በእኔ ግምት ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የኩባንያው እንጀራ ሲምቢያን በተባለው ሌላ ስርዓት ላይ ስለነበር፣ አዲሱ ልጅ የታላቁን ድርሻ እንዳይነካ ታጥሮ ነው ያደገው። ስርዓቱ ማኤሞ ተባለ። መሠረቱ የሊኑክስ ከርነልና ደቢያን የተባለው የታወቀ ስርጭት ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ ደግሞ ጂቲኬ በተባለው የነጻ ሶፍትዌር መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። ለፕሮግራመሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጠረጴዛ ኮምፒውተራቸው የሚያውቁትን ዓለም በኪሳቸው አገኙት፤ የየራሳቸውን ፕሮግራም እያመጡ ዕቃውን ሞሉት።

ከዚያ በ2007 ኤን 800 መጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤን 810 ተከተለ። አዲሱ ሶፍትዌር ለ770 በይፋ አልተፈቀደም፤ ለሙከራ የሚሆን፣ ኩባንያው ኃላፊነት የማይወስድበት ቅጂ ብቻ ተለቀቀ። ኤን 900 ከማኤሞ 5 ጋር ሲመጣ ደግሞ የኤን 800 እና የኤን 810 ባለቤቶች ከደጅ ቀሩ። ያኔ ከማኅበረሰቡ የተወሰኑ ሰዎች ሜር የተባለ ሥራ ጀመሩ፤ ስሙ «ዳግም የተገነባ ማኤሞ» ከሚለው ሐሳብ የተወሰደ ነው። ዓላማው አዲሱን ስርዓት ለተተዉት ዕቃዎች ማድረስ ነበር። ይህን ስም ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ2008 ማኅበረሰቡ የራሱን ምክር ቤት በምርጫ አቋቋመ። ተመራጮቹ አምስት፣ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ወር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ተጠቃሚዎች ድምፅ ሰጥተው ወኪሎቻቸውን ወደ አንድ ግዙፍ ኩባንያ ደጃፍ ላኩ። ነገር ግን ምክር ቤቱ መጠየቅ እንጂ መወሰን አይችልም። የትኛው ዕቃ እንደሚወጣ፣ የትኛው ኮድ እንደሚከፈት፣ ሰርቨሮቹ እስከ መቼ እንደሚሠሩ የሚወሰነው በኩባንያው ነበር።

እዚህ ላይ የሙያዬን ቃል እንድጠቀም ፍቀዱልኝ። እኛ ርስትና ጉልት የምንላቸው ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። ርስት ያለው ሰው በመሬቱ ይጠቀማል፤ ለልጁም ያወርሳል፤ ጉልተኛው ደግሞ ያስተዳድራል፤ ግብር ይሰበስባል። የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ለማኅበረሰቡ ርስትን የመሰለ ነገር ሰጠው፤ ኮዱን ማንበብ፣ መለወጥ፣ ለሌላ ማካፈል ማንም ሊከለክለው አይችልም። የንግድ ስሙ፣ የመልቀቂያው ቀን፣ ሰርቨሩና በጀቱ ግን ጉልት ነበሩ፤ ጉልተኛው ደግሞ በሔልሲንኪ አጠገብ በምትገኘው በኤስፖ የተቀመጠው ኩባንያ ነበር። ምሳሌው በሁሉ አይገጥምም፤ ኮድ እንደ መሬት አይደለም፣ አንዱ ሲወስደው ለሌላው አይጎድልም። ቢሆንም የጥያቄውን ቅርጽ ያሳየናል። ማኅበረሰቡ ባለርስት ሆኖ ሳለ ስለ ነገው የሚጠይቀው ጉልተኛውን ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ2008 ኖኪያ ትሮልቴክ የተባለውን የኖርዌይ ኩባንያ ገዝቶ ኪዩት የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ የራሱ አደረገ። ስለዚህ የሚቀጥለው ማኤሞ ገጽ ከጂቲኬ ወጥቶ በኪዩት እንደ አዲስ እንዲጻፍ ተወሰነ። ያ ሥራ ሳያልቅ በፌብሩዋሪ 2010 በባርሴሎና በተደረገው የሞባይል ጉባኤ ኖኪያና ኢንቴል ማኤሞንና የኢንቴሉን ሞብሊን አዋሕደው ሚጎ የተባለ ስርዓት እንደሚሠሩ አወጁ። አስተናጋጁ የሊኑክስ ፋውንዴሽን ሆነ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ዜና አይገኝም፤ ከአንድ ኩባንያ እጅ ወጥቶ ገለልተኛ ወደሚባል ቤት መግባት ማኅበረሰቡ ሲመኘው የኖረው ነው። ይሁን እንጂ የሶፍትዌር ጥቅሎቹ አሠራር ከደቢያን ወደ አርፒኤም ተቀየረ። ኤን 900 የገዛው ሰው ደግሞ ስልኩ ገና ጥቂት ወራት ሳይሞላው ሚጎ በይፋ እንደማይሰጠው ተነገረው።

ቤቱን ሳይጨርሱ መሠረቱን ሁለት ጊዜ መቀየር ማለት ይህ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የገጹ መሥሪያም የጥቅሉ ሥርዓትም ተለወጠ። በየለውጡ ለማኤሞ የተጻፉ ፕሮግራሞች ዋጋ ያጣሉ፤ ጸሐፊዎቻቸውም ይደክማሉ። ከኤን 900 እስከ ተከታዩ ስልክ ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ፤ በዚያ ጊዜ አንድሮይድ ዓለምን ያዘ። ታሪክን ወደ ኋላ እያየን ይህ ቢሆን ያ ይሆን ነበር ማለት አልወድም። ነገር ግን የፌብሩዋሪ 2011 ውሳኔ የወደቀው ጤነኛ በሆነ ነገር ላይ አልነበረም።

ውሳኔው ራሱ በሰፊው ስለሚታወቅ በአጭሩ ልለፈው። ኢሎፕ ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ማስታወሻ ኩባንያውን በእሳት በተያያዘ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ ከቆመ፣ ወደ በረዷማው ባሕር ካልዘለለ ከሚቃጠል ሰው ጋር አመሳሰሉት። ማስታወሻው ሾልኮ ወጣ። ከቀናት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ ኖኪያ ዋና ስርዓቱ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን እንደሚሆን ታወጀ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤን 9 በውበቱም በአሠራሩም የተመሰገነ ስልክ ነበር፤ ከፊቱ አንድም ቁልፍ የለውም፣ ሁሉ ነገር ጣትን ከዳር ወደ መሐል በማንሸራተት ይሠራል። ነገር ግን ተከታይ እንደሌለው አስቀድሞ ተነግሮለት የተወለደ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ኤን 9 ባለቤቱ በራሱ ስልክ ላይ የሚያደርገውን የሚገድብ የጥበቃ ሥርዓት ተጭኖበት ነበር። የመጨረሻው ልጅ ከታላላቆቹ ይልቅ ዝግ ሆኖ መምጣቱን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው።

ሚጎ አሁንም በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ነበር። ኖኪያ ቢወጣ ኢንቴል አለ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በሴፕቴምበር 2011 ኢንቴል ከሳምሰንግ ጋር ሆኖ ቲዘን ወደተባለ ሌላ ስርዓት ዞረ፤ ኪዩትም ከመንገዱ ወጣ። ገለልተኛ የተባለው ቤት የራሱ ሠራተኛና በጀት እንዳልነበረው ያን ጊዜ ታየ። ቤቱ ጣሪያ እንጂ ቤተሰብ አልነበረም።

አሁን የነገርኋችሁ ስም ይመለሳል። በኦክቶበር 2011 መጀመሪያ፣ ቲዘን ከታወጀ ቀናት ሳይቆጠሩ፣ በሚጎ ሥራ ላይ የቆዩ ጥቂት ፕሮግራመሮች ሜርን እንደ አዲስ አቋቋሙት። በእኔ እይታ የታሪኩ መካከል እዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች «ኢንቴል ለምን ተወን?» የሚል አቤቱታ አላቀረቡም። ጥያቄውን ለራሳቸው አቀረቡት፤ እኛ በእጃችን ባለው የሰው ኃይል ልንሸከመው የምንችለው የትኛውን ክፍል ነው? መልሳቸው ጠባብ ነበር። ሙሉ ስልክ አንሠራም፤ የሚታየውን ገጽ አንሠራም፤ የዕቃውን ድራይቨር አንሠራም። ማንኛውም ዕቃ አምራች ሊገነባበት የሚችለውን እምብርት ብቻ እንይዛለን አሉ። ውሳኔ የሚሰጠው በሠራው ልክ እንዲሆን፣ ውይይቱም በግልጽ እንዲካሄድ ደነገጉ። ተማሪዎቼ፣ አንድን ነገር ለማዳን ሲባል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ከኖኪያ የወጡ የሚጎ ሠራተኞች በፊንላንድ ያቋቋሙት ዮላ የተባለ ኩባንያ በ2012 ራሱን ሲያስተዋውቅ ይህንኑ እምብርት መሠረቱ አደረገው። ዮላ በፊንላንድኛ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው፤ ከሚቃጠለው መድረክ ለዘለለ ሰው ጀልባ ያስፈልገዋልና ቀልዱ ግልጽ ነው። ስርዓቱ ሴይልፊሽ ተባለ፤ የመጀመሪያው ስልክ በኖቬምበር 2013 በሔልሲንኪ ተሸጠ። ማኅበረሰቡ ተደሰተ። ይሁንና ከላይ ያለው ገጽ ዝግ ነበር፤ ኩባንያው የሚኖርበትን ነገር በእጁ ማስቀረት ፈለገ። እምብርቱ ለሁሉ ክፍት፣ ፊቱ የኩባንያው። ጉልቱ በትንሽ መልኩ ተመልሶ መጣ።

ዮላ በ2014 መጨረሻ ታብሌት ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ ሲያሰባስብ 380,000 ዶላር ጠይቆ ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የባለሀብቶች ገንዘብ ዘገየ፤ በኖቬምበር 2015 ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ለጊዜው አሰናበተ። በጃንዋሪ 2016 ታብሌቱ ለጥቂቶች ብቻ እንደሚደርስ፣ ለቀሩት ገንዘባቸው በየተራ እንደሚመለስ አስታወቀ። ደጋፊዎቹ የጠየቁት ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ከወደቀ ዝግ የሆነው ገጽ ከእርሱ ጋር ይቀበራል ወይ? አስቀድሞ ለምን አይከፈትም? ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ተነሣ፤ የተሰጠውም መልስ ሁልጊዜ ከፊል ነበር። እዚህ ላይ ኩባንያውን ብቻ መውቀስ አይቀናኝም፤ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው የሚሸጠው ነገር ያስፈልገዋል። ጠያቂዎቹም ግን አልተሳሳቱም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በዋናነት ፈቃድ በመሸጥ ኖረ፤ ከደንበኞቹ ትልቁ በሩሲያ ነበር፤ በ2018 ሮስቴሌኮም ድርሻ ገዛ፤ የሩሲያው ቅጂም አውሮራ ተብሎ ለብቻው ሄደ። ከ2022ቱ ጦርነት በኋላ ይህ የባለቤትነት ክር በአውሮፓ ገበያ የሚያንቅ ገመድ ሆነ፤ በ2023 መጨረሻም ሥራው በፍርድ ቤት በተመራ ሂደት በነባሮቹ የሥራ አመራሮች ወደተቋቋመ አዲስ ኩባንያ ተዛወረ። ሴይልፊሽ አለ። ግን ቀጥ ብሎ የሄደባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው።

ይህ ዕጣ የእነርሱ ብቻ አይደለም። ሞዚላ ፋየርፎክስ ኦኤስን በስልክ ላይ መሸጥ እንደሚያቆም በዲሴምበር 2015 ተናገረ፤ ኮዱ ካይ ኦኤስ ለተባለው መነሻ ሆነ። የኡቡንቱው ማርክ ሻትልወርዝ በኤፕሪል 2017 የስልኩን ሥራ ሲተዉት ዩቢፖርትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አነሣው፤ እስከ ዛሬም ይዞታል።

አሁን ወደዚህ ስልክ ልመለስ፤ ምክንያቱም ክርክሬ ያለው በባትሪው ውስጥ ነው። የኤን 900 ከርነል ክፍት ነበር፤ ከገጹም ብዙው ክፍት ነበር። ባትሪውን መቼና እንዴት እንደሚሞላ የሚወስነው ፕሮግራም ግን ዝግ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የሊኑክስን አዲስ ከርነል በስልኩ ላይ መጫን የፈለገ ሰው ስልኩ ባትሪውን መሙላት ይተውበታል። ሺሕ ገጽ ክፍት ኮድ በእጁ አለ፤ አንዲት ዝግ ፕሮግራም ግን ወደ 2009 ዓመት ታስረዋለች። የርስት ደብተሩ ተሰጥቶት የምንጩ ውኃ በሌላ እጅ እንደቀረበት ገበሬ ማለት ነው።

ይህን ቋጠሮ ሰዎች በሁለት መንገድ ሊፈቱት ሞክረዋል። አንደኛው ሊብሃይብሪስ የተባለው ብልሃት ነው፤ ለአንድሮይድ የተሠሩ ዝግ ድራይቨሮችን በተራ ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ሴይልፊሽም ኡቡንቱ ታችም በገበያ ባሉ ስልኮች ላይ መጫን የቻሉት በአመዛኙ በዚህ ነው። ዋጋው ግን ግልጽ ነው፤ ስልኩ አምራቹ በተወው የከርነል ቅጂ ላይ ይቆያል። አምራቹ ሲያቆም እናንተም ቆማችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ ዝጉን ክፍል መርምሮ በምትኩ ነጻ ድራይቨር መጻፍና ወደ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ማስገባት። በ2017 የተጀመረው ፖስትማርኬት ኦኤስ ይህን ዓላማው አድርጎ ስልክ አሥር ዓመት እንዲኖር ይመኛል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ኪሳችሁ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከርነሉ ሊኑክስ ነው፤ ማሻሻያው ሲቆም ምን እንደሚሆን የሚለው ጥያቄ እናንተንም ይመለከታል።

ኖኪያ በ2012 መጨረሻ ለማኤሞ ማኅበረሰብ የሚያደርገውን ድጋፍ ሲያቆም ማኅበረሰቡ የራሱን ሕጋዊ አካል አቋቁሞ መዋጮ እየሰበሰበ ሰርቨሮቹን በራሱ ማስተዳደር ጀመረ። ጉልቱ በመጨረሻ ወደ ባለርስቱ ሲመጣ፣ ለመያዝ የቀሩት እጆች ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ሠሩ። ለኤን 900 ባትሪ መሙያ ነጻ ድራይቨር ተጽፎ ወደ ዋናው ከርነል ገባ። ኩባንያው ያልሰጠውን ማሻሻያ ማኅበረሰቡ ለማኤሞ 5 ራሱ አዘጋጀ። ዛሬ ደግሞ ማኤሞ ሌስተ የተባለ፣ የቀድሞውን ገጽ በአዲስ መሠረት ላይ የሚያስነሣ ስርዓት በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ነው።

ጠዋት ያበራሁት እርሱን ነው። ይኸው ባትሪው እየሞላ ነው፤ ምልክቱን ከፊት ያላችሁ ታዩታላችሁ። የምስል ማቀነባበሪያው ድራይቨር ግን እስካሁን ዝግ ነው፤ ገጹን ሳንሸራትት ዝግ ሲልና ሲንቀጠቀጥ የምታዩት የዕድሜውን ድካም ብቻ አይደለም። ከኋላ መደዳ የተቆጠሩትን ስሕተቶች አስቀድሜ ልስማ፤ ከዚያም የተማሪዎቹን ጥያቄ እቀበላለሁ።